በሁለት መዝገብ የተከፈለች አንዲት ሴት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር ካወጣችኋቸው ጽሑፎች አንዱ፣ የካናዳ ፍርድ ቤቶች ለአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ባህላዊ ዳኝነት የሰጡትን ቦታ አድንቆ፣ እኛም የባልና ሚስት ጠብን ከፖሊስ ጣቢያ አውጥተን ወደ ሽማግሌዎች ብንመልሰው እንደሚበጅ የሚመክር ነበር። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ እስር ቤት ሰውን ከማነጽ ይልቅ እንደሚሰብር የተናገሩትም እውነት ነው። ነገር ግን ለሐሳባቸው ዋቢ ያደረጉት፣ በሕግ ሰዎች ዘንድ በተከሳሿ ስም የግላዱ ፍርድ ተብሎ የሚጠራው ውሳኔ፣ በምን ጉዳይ ላይ እንደተሰጠ አልነገሩንም። ያ ፍርድ የተሰጠው በቤት ውስጥ ጠብ አንድ ሰው ሕይወቱን ባጣበት፣ ገዳይዋም ከዚያ በፊት በዚያው ሰው እጅ የተደበደበች ሴት በሆነችበት ጉዳይ ነው። ይህን ትቶ ፍርዱን መጥቀስ የታሪኩን ግማሽ ማስቀረት መስሎ ስለታየኝ፣ ቦታ ትሰጡኝ እንደሆነ ቀሪውን ግማሽ ልናገር።

ሕግ የተማርሁት አዲስ አበባ ነው። ላለፉት 14 ዓመታት ግን የምተዳደረው በምዕራብ ካናዳ በአንዲት ከተማ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። የአስተርጓሚ ቀን የሚያልፈው አብዛኛውን ተራ በመጠበቅ ስለሆነ፣ ችሎት ተቀምጬ የማየው የሌላ ሰው ጉዳይ እኔ ከምተረጉመው ይበልጣል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በረዶው መንገዱን በዘጋበት አንድ ማለዳ፣ በባሏ ላይ ለተመሠረተ የድብደባ ክስ በምስክርነት ለተጠራች የአገሬ ልጅ ለማስተርጐም ሄጄ ነበር። ከችሎቱ በር ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ትልቁ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ የቤትሽን ገመና በባዕድ አደባባይ አታውጪው፤ እኛ እንጨርሰዋለን» አሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እሷ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

ከእኛ በፊት የተጠራችው የነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ወጣት ነበረች። በጎን በር፣ እጇ በካቴና ታስሮ፣ ግራጫ የእስረኛ ሹራብ ለብሳ ገባች። የተከሰሰችው አብሯት በሚኖረው ሰው ላይ ስኒ ወርውራ ግንባሩን በመፈንከቷ ነው። ካቴናው ተፈትቶላት ስትቆም የሹራቧን እጅጌ ደጋግማ ወደ ታች ትጎትት ነበር፤ ስሟን ስትጠየቅ እጇን ከፍ ብታደርግ እጅጌው ሸተት አለና፣ በክንዷ ላይ ወደ ቢጫነት የዞረ የአራት ጣት ምልክት ታየ። መንግሥት ያቆመላትን ጠበቃ ያገኘችው ያን ዕለት ጠዋት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ዛሬ ካመንሁ ዛሬ እወጣለሁ?» ልጆቿ ከጎረቤት ቤት ነበሩ። ትወጫለሽ አላት፤ አመነች። ከገባችበት ደቂቃ አንስቶ ጥፋተኛ እስከተባለችበት ድረስ አሥር ደቂቃ አልሞላም። ስለ ክንዷ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም ለሌላ ሰው የተጠራሁ አስተርጓሚ ነበርሁና ተቀምጬ አየሁ፤ ያ ምልክት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ወደ ግላዱ ጉዳይ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1995 ናናይሞ በምትባል የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከተማ፣ ክሪና ሜቲስ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች፣ ከክሪ እናትና ከሜቲስ አባት የተወለደች ወጣት 19ኛ ዓመት ልደቷን ከወዳጆቿ ጋር ታከብር ነበር። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነች። እጮኛዋ፣ የመጀመሪያ ልጇም አባት የሆነው ሰው፣ ከእህቷ ጋር እንደሚማግጥ ጠረጠረች፤ መጠጥም ነበር፤ ጠቡ ከረረ፤ በቢላ ወጋችው፤ ሸሽቶ ከቤት ሲወጣም ተከትላ ደረቱን ወጋችውና ሞተ። ይህን የምጽፈው ድርጊቱን ለማቅለል አይደለም፤ ሰው ሞቷል፤ ልጆቹም ያለ አባት ቀርተዋል። ነገር ግን በዚያው መዝገብ ውስጥ ሌላም ተጽፏል። ሰውየው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1994፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሳለ እሷን በመደብደቡ ተፈርዶበት 15 ቀን እስር ተቀጥቷል። ከግድያው በኋላም በክንዷና በአንገቷ አጥንት አካባቢ ሰንበር ታይቷል፤ ያን ሌሊት ከተደረገ ግብግብ ጋር የሚስማማ መሆኑም ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ዳኛ ግን የቀረበላቸው ማስረጃ «የተደበደበች ወይም በፍርሃት የኖረች ሚስት» ለማለት አያበቃም ብለው አለፉት። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

መጀመሪያ የተከሰሰችው በሁለተኛ ደረጃ ነፍስ ግድያ ነበር። በካናዳ ሕግ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለ ሰው የሚጠብቀው የዕድሜ ልክ እስራት ነው፤ ዳኛው ዝቅ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ዝቅ አድርጎ፣ የመግደል ሐሳብ ያልነበረበት ሰው መግደል ወደሚባለው ሲያወርድላት አመነች፤ ሦስት ዓመትም ተፈረደባት። ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ መያዝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ራሳቸውን ከደብዳቢ ሰው ሲከላከሉ የገደሉ ሴቶችን ጉዳይ እንዲመረምሩ የተሾሙት ዳኛ ሊን ራቱሽኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረቡት ሪፖርት ላይ ያሳሰቡት ይህንኑ ነበር። የዕድሜ ልክ እስራት ከፊቷ የተደቀነባት ሴት፣ ራሷን ተከላክላ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ቢኖራት እንኳ፣ ያን ክርክር ይዛ ወደ ችሎት ከመግባት ይልቅ ዝቅ ያለውን ክስ አምና መቀበልን ትመርጣለች። ካመነች በኋላ ምስክር አይሰማም፤ ሰንበሩ አይመረመርም፤ ያለፈው ድብደባ በቅጣት ማቅለያነት ቢነሣ እንጂ በመከላከያነት አይታይም። ዳኛዋ ከመረመሯቸው 98 ሴቶች መካከል መፍትሔ እንዲሰጣቸው ያሳሰቡት ለ7ቱ ነው። እኔ ችሎት ተቀምጬ ያየኋት ወጣት ክስ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያመነችበት ምክንያት ግን አንድ ዓይነት ነው።

የግላዱ ጉዳይ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በሌላ ነጥብ ነው። የካናዳ ምክር ቤት የወንጀል ሕጉን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1996 በሥራ ላይ ባዋለው አንቀጽ 718.2 ፊደል ተራ «ሠ»፣ ዳኞች ለማንኛውም ጥፋተኛ ከእስር ውጭ ያሉ ተገቢ ቅጣቶችን ሁሉ እንዲያዩ፣ በዚህም ረገድ ለነባር ሕዝብ ተወላጆች ሁኔታ በተለይ ትኩረት እንዲሰጡ አዘዘ። የመጀመሪያው ዳኛ ግን ተከሳሿም ሟቹም የሚኖሩት ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ ለነባር ሕዝቦች በተከለለው መሬት ላይ፣ ሪዘርቭ በሚባለው፣ ስላልሆነ አንቀጹ አይመለከታትም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1999 በሰጠው ውሳኔ ይህ ስሕተት ነው አለ፤ ሰው ከተማ በመኖሩ ነባርነቱ አይፋቅም። በ1997 ነባር ሕዝቦች ከአገሪቱ ሕዝብ 3 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ካሉት ታራሚዎች 12 በመቶ መሆናቸውን ጠቅሶም ይህን ቀውስ ነው አለው። የተከሳሿን ቅጣት ግን አልለወጠም። ሦስቱን ዓመት ተገቢ ያልሆነ ቅጣት አላለውም፤ እሷም ስድስት ወር ታስራ በቁጥጥር ሥር ከወጣች ቆይታ ስለነበር እንደገና ይታይ ማለት ለማንም አይጠቅምም ብሎ አጸናው። በስሟ የተጠራው ፍርድ ለእሷ ያተረፈላት ነገር የለም ማለት ነው።

ፍርዱ ከተሰጠ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ጸሐፊው እንዳሉት እስር ቤቶቹ ባዶ ሆነዋል? የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ነባር ሕዝቦች ከሕዝቡ 5 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ካሉት ታራሚዎች ሲሶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ለብቻቸው ሲታዩ ደግሞ ሴቶቹ ግማሽ ደርሰዋል። ከሁለት ሴት ታራሚዎች አንዷ ማለት ነው። ስለ ጥቃት በሚናገረው በሌላው መዝገብ ያለው ቁጥርም እንዲሁ ከባድ ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባካሄደው ጥናት፣ ከነባር ሕዝብ ሴቶች 61 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛቸው የአካል፣ የፆታ ወይም የሥነ ልቦና ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በሌሎች ሴቶች ዘንድ ቁጥሩ 44 በመቶ ነው። የፌዴራል ፖሊሱም በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከ1980 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት 1,017 የነባር ሕዝብ ሴቶች መገደላቸውንና የሌሎች 164 ሴቶች የገቡበት አለመታወቁን ገልጿል።

የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ብዙ የሕግ ጥናት እነዚህን ቁጥሮች በሁለት መዝገብ ያስቀምጣቸዋል። ስለ እስር የሚያጠናው ሰው «ለምን ይህን ያህል ነባሮች ታሰሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ወንድ እስረኛ ነው። ስለ ጥቃት የሚያጠናው ደግሞ «ለምን ይህን ያህል ሴቶች ተደበደቡ?» ይላል፤ በዓይነ ሕሊናው የምትታየው ፖሊስ ጠርታ የምትጠብቅ ንጹሕ ተበዳይ ናት። እኔ ችሎት ውስጥ የማየው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሁለቱ አንድ ሴት ሲሆኑ ነው። ሕጉ ራሱ ሳያስበው ይህን መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወንጀል ሕጉ ላይ የተጨመረው አንቀጽ 718.201፣ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ ላይ ስለተፈጸመ ጥቃት ቅጣት ሲወሰን የሴት ተበዳዮች ተጋላጭነት እንዲታይ፣ ለነባር ሕዝብ ሴት ተበዳዮች ሁኔታም በተለይ ትኩረት እንዲሰጥ ያዛል። በ1996ቱ አንቀጽ ለጥፋተኛው የተሰጠው ያው «በተለይ ትኩረት» በ2019ኙ ለተበዳይዋ ተሰጠ። ጥፋተኛዋም ተበዳይዋም አንድ ሰው ስትሆን ዳኛው የትኛውን አንቀጽ ይዞ ይፈርዳል? በኔ ግምት አሁን ላለው የሕግ ጥናት ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

ተበዳይ እንዴት ተከሳሽ እንደምትሆን በጥቂቱ ላስረዳ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየክፍለ አገሩ ለፖሊስ የተሰጠው መመሪያ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት መፈጸሙን የሚያሳይ በቂ ምክንያት ካለ ተበዳይዋ ፈቀደችም አልፈቀደችም ክስ እንዲመሠረት ነው። መመሪያው የወጣው ለሴቶች ሲባል ነው፤ ፖሊስ «የባልና ሚስት ጠብ ነው፤ ታረቁ» እያለ በር ዘግቶ መሄዱን እንዲተው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ፖሊሱ ቤት ሲገባ ሁለት የቆሰሉ ሰዎች ያያል። ወንዱ ረጋ ብሎ ይናገራል፤ ሴቲቱ ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ ምናልባትም ጠጥታለች። ከዚህ በፊት ስሟ በፖሊስ መዝገብ ካለ ደግሞ ቃሏ ይረክሳል። ሁለቱም ይከሰሳሉ፤ አንዳንዴም እሷ ብቻ። ነባር ሕዝቦችና ፖሊስ ያላቸው ታሪክ ሲጨመርበት፣ ያች ሴት ሁለተኛ ፖሊስ አትጠራም። በሚቀጥለው ጊዜ ራሷ ትከላከላለች፤ ከዚያ በኋላ የምናውቀው የክስ ቻርጁን ነው።

ከዚህ የባሰም ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኤድመንተን ከተማ በአንድ የፆታ ጥቃት ክስ ላይ ዋናዋ ምስክር የነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ቤት አልባ ወጣት ነበረች፤ ስሟን እዚህ አላነሣውም። በምስክርነት የቆመችው ራሷ ስለደረሰባት ጥቃት ነው። በማግሥቱ ላትመለስ ትችላለች ተብሎ፣ ቃሏን ሰጥታ እስክትጨርስ አምስት ሌሊት በማረፊያ ቤት ታሰረች፤ በእግረ ሙቅ ሆና መሰከረች፤ ካጠቃት ሰው ጋርም በአንድ የእስረኛ መኪና ተመላለሰች። ጉዳዩ በ2017 በአደባባይ ሲታወቅ የክፍለ አገሩ የፍትሕ ሚኒስትር ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ሲጠየቅ እሷ በሕይወት አልነበረችም።

ቤቱን ትታ እንዳትወጣ የሚያስራት ደግሞ ሌላ ሕግ ነው። በሪዘርቭ ያለ መሬት በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሥር ስለሆነ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 የባልና ሚስት ንብረት ክፍፍልን የሚገዙት የክፍለ አገር ሕጎች በዚያ መሬት ላይ ባለ ቤት ላይ አይሠሩም ብሎ ወሰነ። የሚተካቸው የፌዴራል ሕግ ግን አልነበረም። ቤቱ በባል ስም ከሆነ፣ ተደብድባ የወጣች ሚስት ወደ ቤቷ የሚመልሳት ዳኛ አታገኝም፤ ልጆቿን ይዛ ከመንደሩ ትወጣለች፤ ደብዳቢው ቤቱን ይዞ ይቀራል። ይህ ክፍተት እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ፣ 27 ዓመት ሙሉ፣ ሳይደፈን ቆየ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ዳኛ ደብዳቢውን በአስቸኳይ እስከ 90 ቀን ከቤቱ እንዲያስወጣ ይፈቅዳል። 90 ቀኑ ሲያልቅ ግን መሸሸጊያ ያስፈልጋታል። ኢኑዊት የሚባሉት የሰሜኑ ነባር ሕዝቦች የሚኖሩባቸው አብዛኞቹ መንደሮች መጠለያ የላቸውም፤ ከመንደር መንደር የሚያገናኝ መንገድም ስለሌለ መውጫው አውሮፕላን ነው።

ከሁሉ በላይ አፏን የሚያስይዛት የልጆቿ ነገር ነው። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝብ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው፣ ቋንቋቸውን እንዲረሱ በታቀደባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አድገዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ያ ትውልድ በፍቅር ሳይሆን በአለንጋ የተቀጣ፣ ከመካከሉም ብዙ ሰው የተደፈረበት ነው፤ ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ጥቃት ሥሩ ከዚያ እንደሚነሣ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ በ2015 ባጠናቀቀው ሥራው በሰፊው አሳይቷል። ትምህርት ቤቶቹ ቢዘጉም ልጅ መውሰዱ አልቆመም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከ15 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የነባር ሕዝብ ልጆች 7.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ ካሉት ሕፃናት መካከል ግን 53.8 በመቶውን ይይዛሉ። ባሏ የደበደባት ሴት ፖሊስ ብትጠራ፣ ፖሊሱ የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ያሳውቃል፤ «ልጆቹን ከጥቃት አልጠበቀችም» ትባላለች። ይህን ፍርሃት እኛም ስደተኞቹ እናውቀዋለን፤ ስንት እናት ስልኩን አንሥታ መልሳ እንዳስቀመጠች እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ የተወደሰውን ባህላዊ ዳኝነት በዚህ መነጽር እንየው። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የአገር ሽማግሌዎችና የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች በክብ ተቀምጠው ስለ ቅጣት የሚመክሩበት ሥርዓት በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ባለው በዩኮን ግዛት በ1992 ከተሰጠ አንድ ውሳኔ በኋላ ተስፋፋ። በማግሥቱ ዓመት በሰሜን ኩቤክ ኑናቪክ ውስጥ አንድ የኢኑዊት ተወላጅ ሚስቱን ደጋግሞ በመደብደብ ጥፋተኛ በተባለበት ጉዳይ ክቡ ተቀመጠ፤ ሚስቱም ከክቡ መካከል ነበረች። በቦታው ተገኝታ የታዘበች ተመራማሪ የመዘገበችው፣ ሚስቲቱ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ መናገሯንና፣ ድብደባው አልቆመም ብትል ባሏን ወደ እስር የምትልከው እሷ እንደምትሆን የሚያስመስል ሸክም በጫንቃዋ ላይ መውደቁን ነው። የኢኑዊት ሴቶች ማኅበር ፓውክቱቲት በዚያን ጊዜ ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፦ ማኅበረሰቡ ታረቀ ሲባል ማኅበረሰቡ ማን ነው? የተመራማሪዋን ጽሑፍ ባነበብሁ ጊዜ የታዩኝ በአግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው።

ይህን ስል ባህላዊ ዳኝነት ሁሉ ሴትን ይጨቁናል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ የሚል ሰው ቢመጣም እከራከረዋለሁ። በማኒቶባ ክፍለ አገር ሆሎው ዋተር የሚባለው የነባር ሕዝብ መንደር ነዋሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመካከላቸው የተንሰራፋውን የፆታ ጥቃት በራሳቸው መንገድ ሊያክሙት ተነሥተዋል፤ ከአስጀማሪዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የእነሱ ሥርዓት የሚጀምረው ተበዳይዋን ከአደጋ በማራቅ ነው፤ ጥፋተኛው በፍርድ ቤት የእምነት ቃሉን ይሰጣል፤ በደሉን በቤተሰቡና በመንደሩ ፊት በአንደበቱ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዕርቅ የሚታሰበው፤ ይህም ዓመታት ይወስዳል። የእኛው አገርም ባዶ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ የሲንቄ ሥርዓት፣ ባል አራስ ሚስቱን ከደበደበ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋቱን አምኖ ካሣውን እስኪከፍልም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሆሎው ዋተርም ሆነ በአርሲ የሴቲቱ ጉዳይ በሴቶች ፊት ይቀርባል፤ ዝም በይም አትባልም።

ጸሐፊው «ሕገ መንግሥታችንም ይፈቅዳል» ያሉትን ግን ማረም አለብኝ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን የማይከለክለው ግላዊና የቤተሰብ ጉዳዮችን በተመለከተ ሆኖ፣ ያም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ሲሆን ነው። ሚስትን መደብደብ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ኦሮሚያ ክልል በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ካቋቋመ ወዲህ ይህ ልዩነት የትምህርት ቤት ክርክር መሆኑ አብቅቷል፤ በየወረዳው በየቀኑ የሚወሰን ነገር ሆኗል። «ፈቃድ» የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባል። ሦስት ሽማግሌ ከፊቷ ተቀምጦ፣ የባሏ እናት ከጎኗ ሆና፣ «ለልጆችሽ ስትይ» እየተባለች የሰጠችው ቃል፣ በየትኛው የማስረጃ ሕግ ነው ፈቃድ የሚባለው? ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች ጥናት የሚያጠኑ የሕግ ምሁራኖቻችን ስንት ጉዳይ በዕርቅ እንዳለቀ ብቻ ቆጥረው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ። ከዕርቁ ከስድስት ወር በኋላ ያቺን ሴት ፈልገው ለብቻዋ፣ በሴት ጠያቂ፣ ከቤቷ ርቃ ያነጋግሯት። በማረሚያ ቤቶቻችን ባል በመግደል የተፈረደባቸውን ሴቶች መዝገብም አውጥተው፣ ከግድያው በፊት ስንት ጊዜ ቀበሌ፣ ስንት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ፣ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ዘንድ ሄደው እንደነበር ይዩ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ያለፈው ወር ጽሑፍ የአራት ሽማግሌዎችን ቃል ይዟል፤ የአንዲት ሴት ቃል ግን አልነበረበትም። በሚቀጥለው ጊዜ በዚህ ርእስ ስትመለሱ፣ ከሽምግልና ረግጣ ወጣች የተባለች አንዲት ሴት ፈልጋችሁ ብትጠይቁ እወዳለሁ። ችሎት በር ላይ ያገኘኋት የአገሬ ልጅ ያን ዕለት ስትጠራ፣ ወደ ምስክር ቦታው ከመግባቷ በፊት በአማርኛ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በሩ ይዘጋል? እዚያ ውጭ ያሉት ይሰሙኛል?» የችሎቱ ሠራተኛ ሄዶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተናገረች።

ከአክብሮት ጋር፣
የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ ምዕራብ ካናዳ